ፍሬ በል የሌሊት ወፍ፦ መልኳ፣ ጠባይዋና ለደን ያላት ፋይዳ



የዛሬው ንግግሬ ኤይዶሎን ሄልቩም በተባለ ሳይንሳዊ ስም ስለምትታወቀው ፍሬ በል የሌሊት ወፍ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ ከሰሃራ በስተደቡብ ባሉ በርካታ አገሮች ትገኛለች። በአማርኛ «ወፍ» ብንላትም ልጇን ወልዳ የምታጠባ እንስሳ ናት። ንግግሬም አንድ ጥያቄ ያነሣል፤ ሰማይ እስኪጠቁር የሚበዛ እንስሳ ለአደጋ ሊጋለጥ ይችላልን?

አስቀድመን መልኳን እንመልከት። የአንገቷና የጀርባዋ ጠጉር ገለባ የመሰለ ብጫማ ቀለም አለው፤ ክንፎቿ ግን ጠቆር ያሉ ናቸው። ፊቷ ሾጠጥ ብሎ የውሻን ፊት ይመስላል። ክብደቷ ከ230 እስከ 350 ግራም ሲሆን፣ ክንፎቿ ሲዘረጉ እስከ 76 ሴንቲ ሜትር ይደርሳሉ። ረጃጅምና ጠባብ በመሆናቸውም ለሩቅ በረራ ይመቻሉ። ነፍሳት በል የሌሊት ወፎች በድምፅ ነጸብራቅ አቅጣጫቸውን ሲለዩ፣ እርሷ ግን በትልልቅ ዐይኖቿና በማሽተት ኃይሏ ትመራለች።

ቀን ቀን በረጃጅም ዛፎች ላይ በመንጋ ተንጠልጥላ ትውላለች፤ ሲመሽ ምግብ ፍለጋ ትወጣለች። ፍሬውን አኝካ ጭማቂውን ትውጣለች፤ ቃጫውን ትተፋለች። ደቃቅ ዘሮች ግን በሆዷ አልፈው ከእዳሪዋ ጋር በሩቅ ስፍራ ይወድቃሉ። በጋና የተደረገ ጥናት ዘርን እስከ 75 ኪሎ ሜትር ልታደርስ እንደምትችል አመልክቷል። ለጣውላ የሚፈለገው ኢሮኮ የተባለ ዛፍም ዘሩን ከምትበትንለት አንዱ ነው።

በየዓመቱ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት በዛምቢያው የካሳንካ ብሔራዊ ፓርክ ከፍተኛ ቁጥር ያላቸው የሌሊት ወፎች ይሰበሰባሉ። ቀደምት ግምቶች እስከ 10 ሚሊዮን ያደርሷቸዋል፤ በ2019 እ.ኤ.አ. በካሜራ የተደረገው ቆጠራ ግን ከአንድ ሚሊዮን በታች አግኝቷል። ልዩነቱ የግድ የቁጥር መመናመንን አያሳይም፤ ብዛት ዐይንን ምን ያህል እንደሚያታልል ግን ያስተምረናል።

የጥያቄያችን መልስ እዚህ ላይ ነው። እናቲቱ በዓመት አንድ ልጅ ብቻ ትወልዳለች። በአንድ ስፍራ ተከማችታ መዋሏም ለአዳኝና ለዛፍ ቆራጭ ያጋልጣታል። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በጋና ብቻ በዓመት ቢያንስ 128 ሺህ የሚሆኑት ለሥጋቸው እንደሚሸጡ ገምቷል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም ዝርያዋን ለአደጋ ከተቃረቡት መካከል መድቧታል።

እንግዲህ ጥበቃ የሚጀመረው ዝርያዋ ልትጠፋ ስትል መሆን የለበትም። ጥቂቶች ቢተርፉ ዝርያዋ አለች ይባል ይሆናል፤ ደኑን የሚዘራው ግን መንጋው ነው። መንጋው ሲሳሳ፣ ከእናት ዛፋቸው ርቀው የሚበቅሉ ችግኞችም አብረው ይሳሳሉ።