ያውቁ ኖሯል? ስቶክሆልም፣ 1897

በ1897 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልም ታላቅ የኪነ ጥበብና የኢንዱስትሪ ኤግዚቢሽን ማዘጋጀቷን ያውቁ ኖሯል? ሜይ 15 ተከፍቶ ኦክቶበር 3 ተዘጋ። ዓመቱ የስዊድንና የኖርዌይ ንጉሥ ዳግማዊ ኦስካር የነገሡበት 25ኛ ዓመት ነበር።

ቦታውስ? ዩርጎርደን የተባለችው የከተማዋ ደሴት ናት። አርክቴክቱ ፈርዲናንድ ቦበርግ ከነደፏቸው ሕንፃዎች ትልቁ የኢንዱስትሪ አዳራሽ ጉልላቱ ወደ 100 ሜትር ይጠጋ ነበር። የተሠራው ግን ከእንጨት ነው። ኤግዚቢሽኑ ሲያበቃ ፈረሰ።

በግቢው ውስጥ የ16ኛውን ክፍለ ዘመን ስቶክሆልም የሚያስመስል አንድ ሙሉ ሰፈር መገንባቱንስ? “አሮጌው ስቶክሆልም” ይሉት ነበር። በ1697 በእሳት የወደመው የሦስቱ ዘውዶች ቤተ መንግሥት ልክ በ200 ዓመቱ በአምሳያው ተመልሶ ቆመ። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው፤ የዘመኑ እጅግ አዲስ ነገር፣ ሲኒማ፣ ለሕዝብ የታየው በዚሁ የጥንት መልክ በለበሰ ሰፈር ውስጥ ነበር። የሉሚዬር ወንድማማቾች በፓሪስ ለከፋይ ተመልካች ፊልም ካሳዩ ገና ሁለት ዓመት አልሞላም። የእነሱ ካሜራ ባለሙያ አሌክሳንደር ፕሮሚዮ ወደ ስቶክሆልም መጥቶ ንጉሡ ለመክፈቻው ሲደርሱ ቀረጸ። የካሜራውን አሠራር ለስዊድናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ኤርነስት ፍሎርማን አስተማረ። ፍሎርማንም በዚያው ዓመት አጭር አስቂኝ ፊልም ሠራ፤ ከስዊድን የመጀመሪያዎቹ ልብ ወለድ ፊልሞች አንዱ እሱ ነው። ጥበብ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈችው በአንድ በጋ ነው ማለት ይቻላል!

ፍሎርማን በጁላይ ወር ሌላ ንጉሥም ቀርጿል። የሲያም (የዛሬዋ ታይላንድ) ንጉሥ ቹላሎንግኮርን በመርከብ ስቶክሆልም ደርሰው ሲወርዱ ካሜራው ይጠብቃቸው ነበር። እኚህ ንጉሥ ከዋና ከተማዋ አልፈው ወደ ሰሜን ዘልቀው ነበርና፣ በዚያ ገጠር በ1998 በስማቸው በታይ አሠራር የመታሰቢያ ሕንፃ ተሠርቷል።

ሠዓሊው ካርል ላርሶን የራሱን ቤትና ቤተሰብ የሣለባቸው ዝነኛ የውሃ ቀለም ሥራዎቹም ለሕዝብ የቀረቡት በዚሁ ኤግዚቢሽን ነበር።

ከዚያ በጋ የተረፈ ነገር ማየት ከፈለጉ ወደ ዩርጎርደን የሚያሻግረውን ድልድይ ይመልከቱ፤ ለኤግዚቢሽኑ የተሠራ ነው። በግራናይት ዓምዶቹ ላይ የጥንት ስካንዲኔቪያውያን አማልክት ሐውልቶች ቆመዋል። ስካንሰን በተባለው የገላጣ ስፍራ ሙዚየም ደግሞ በዚያው ዓመት ሥራ የጀመረው በገመድ የሚሳብ ባቡር ጎብኚዎችን ዛሬም ወደ ኮረብታው ያወጣል።