የጨርቁ አገር ወዴት ነው?

የባሕር ማዶ ሠዓሊ ነገር ከቤተ ሰብ ገጽ ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ዛሬ የምንተርክላችሁ ሰው ከቀለም ይልቅ በልብስ ጨርቅ የሚሠራ ነውና ነገሩ ወይዛዝርቱንም መኳንንቱንም ይመለከታል።

ስሙ ይንካ ሾኒባሬ ይባላል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1962 ዓ.ም. ከናይጄሪያ ተወላጆች በሎንዶን ከተማ ተወለደ፤ ሦስት ዓመት ሲሆነው ወደ ሌጎስ ተወስዶ በዚያው አደገ። ኋላም ሥዕል ሊማር ወደ ሎንዶን ተመለሰ። በዚያ ሳለ በሩስያ ስለሚደረገው የመንግሥት ለውጥ ሥዕል ቢሠራ፥ አንድ መምህር እውነተኛውን የአፍሪቃ ጥበብ ስለ ምን እንደማይሠራ ጠየቀው። ጥያቄው በቅን ልብ የተጠየቀ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አፍሪቃዊ የሆነ ሰው የአያቶቹን ነገር ብቻ ይሣል፥ የዓለምን ጉዳይ ለሌላ ይተው የሚል ፍርድ በውስጡ ተሸሽጎበታል።

ወጣቱም ወደ ብሪክስተን ገበያ ሄዶ የምዕራብ አፍሪቃ ሰዎች የሚለብሱትን ደማቅ ጨርቅ ትውልዱን መረመረ። ጨርቁ ከአፍሪቃ የተወለደ ሆኖ አልተገኘም። የጃቫ ሰዎች የቀለጠ ሰም በሸማ ላይ እየቀቡ ቀለም ውስጥ ይነክሩታል፤ ሰም የነካው ስፍራ ቀለም አይቀበልምና ሰሙ ሲወገድ ጌጡ ይወጣል። ጃቫን ይገዙ የነበሩት ሆላንዶች በ19ኛው ምዕት ዓመት ይህን የእጅ ሥራ በመኪና አስመስለው ሠሩት። በመኪናው ሥራ ግን ቀለሙ በስንጥቁ እየሾለከ ስለ ገባ የጃቫ ሰው ጉድለት ነው ብሎ ናቀው፤ የምዕራብ አፍሪቃ ሰው ያንኑ ስንጥቅ ወደደው። የገበያ ሴቶች ለየጌጡ ስም አወጡለት። በሎሜ ከተማ ያሉት ነጋዴዎችማ እጅግ ከመበልጸጋቸው የተነሣ በሚሄዱበት የመርሴዴስ ቤንዝ አውቶሞቢል ምክንያት «ናና ቤንዝ» ተባሉ።

እንግዲህ ጨርቁ የማን ነው? በእኛ አሳብ ስም ያወጣለትና ለሠርግ ለሐዘኑ የለበሰው ሕዝብ ባለቤቱ ነው። እኛስ ከአሜሪካ ይመጣ የነበረውን አቡጀዲ እንደ አገራችን ልብስ አድርገን የኖርን አይደለምን? ዛሬ ደግሞ የሸማኔያችን ጥበብ በውጭ አገር መኪና ታትሞ በርካሽ ይሸጥልናል። ይኸኛው ከአቡጀዲው ይለያል፤ የሸማኔውን እንጀራ የሚነካ ነውና።

ሾኒባሬ በዚሁ ጨርቅ የአውሮፓን የጥንት ካባና ቀሚስ እያሰፋ ራስ ለሌላቸው ምስሎች ያለብሳቸዋል። ራስ ማጣታቸው በአብዮት ጊዜ አንገታቸው የተቈረጠውን የፈረንሳይ መኳንንት ያስታውሳል። በ2003 ዓ.ም. በሠራው ሥራ 14 እንዲህ ያሉ ምስሎች የአፍሪቃ ካርታ የተሣለበትን ገበታ ከበው ተቀምጠዋል። ይኸውም በ1884 እና በ1885 ዓ.ም. በበርሊን የተደረገው ጉባኤ ነው፤ በዚያ ስለ አፍሪቃ ሲመከር አንድ አፍሪቃዊ ስንኳ አልተቀመጠም። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የአድሚራል ኔልሰንን መርከብ በትልቅ ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ በትራፋልጋር አደባባይ አቆመው፤ 37ቱ ሸራዎች ሁሉ ከዚሁ ጨርቅ የተሠሩ ናቸው።

በ2004 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት የብሪታንያ ኢምፓየር አባል የሚያሰኝ ማዕርግ ሰጠው። ሥራው ሁሉ ያንኑ ኢምፓየር የሚመረምር ሰው እንቢ ይላል ያሰኝ ነበር። እርሱ ግን ተቀበለ፤ ማዕርጉንም ከስሙ ጋራ አያይዞ ይጽፈው ጀመር።