ስለ ጥቂት ገንዘብ ብድርና ስለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች

ትምህርት ማለት ከመጽሐፍ የሚነበብ ብቻ እንዳይደለ የታወቀ ነው። ስለ ገንዘብ የሚማር ሰው የትልልቁን ንግድ ሒሳብ አጥንቶ፣ የድኻ ቤት በቀን ስንት አግብቶ ስንት እንደሚያወጣ ሳያውቅ የቀረ እንደ ሆነ ትምህርቱ እኩሌታ ነው። ስለዚህም ዛሬ ማይክሮፋይናንስ የሚባለው የጥቂት ገንዘብ ብድር በባንግላዴሽ አገር እንዴት እንደ ተጀመረ፣ ተማሪዎችም በዚህ ሥራ ምን ድርሻ እንደ ነበራቸው ለክቡራን አንባቢዎቻችን መግለጽ ወደድን።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1974 ዓመት በባንግላዴሽ ጽኑ ረኃብ ሆነ። በቺታጎንግ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ መምህር የነበሩት ሙሐመድ ዩኑስ፣ በክፍል የሚያስተምሩት ነገር በደጅ ለሚራበው ሰው አንዳች እንዳልረባው ስለ ተመለከቱ፣ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ለዩኒቨርሲቲው ጎረቤት ወደ ሆነችው ወደ ጆብራ መንደር መውጣት ጀመሩ።

በ1976 በዚያ መንደር የቀርከሃ በርጩማ የምትሠራ አንዲት ሴት አገኙ። ይህች ሴት ለቀርከሃው መግዣ 5 ታካ ከነጋዴ ትበደራለች፤ ነገር ግን የሠራችውን በርጩማ ለዚያው ለአበዳሪዋ፣ እርሱ በቈረጠው ዋጋ የመሸጥ ግዴታ ነበረባት። ቀኑን ሙሉ ደክማ የሚተርፋት ግማሽ ታካ ብቻ ነበር። እንግዲህ ያደኸያት ስንፍና ወይም የእጅ ሥራ አለማወቅ አይደለም፤ የ5 ታካ እጦት ነው።

ለአገሩ ሴቶች ከባዕድ ወንድ ጋር ፊት ለፊት መነጋገር ነውር ነበረና፣ መምህሩ ከደጅ ቆመው ሲጠብቁ ሴት ተማሪ ወደ ቤት እየገባች ጥያቄውን ታደርስ፣ መልሱንም ታመጣ ነበር። ደግሞ እንደዚያች ሴት በዕዳ የተያዙትን ሰዎች ቈጥራ እንድትጽፍ አንዲት ተማሪ ታዘዘችና በአንድ ሳምንት ውስጥ የ42 ሰዎችን መዝገብ አቀረበች። የሁሉም ዕዳ ቢደመር 856 ታካ፣ በአሜሪካ ገንዘብ 27 ዶላር ያህል ሆነ። መምህሩም ከኪሳቸው አውጥተው አበደሯቸው፤ እነርሱም መለሱ። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ የተባለው በውነት እንደዚህ ላለው ነገር ነው።

ባንክ ግን መያዣ ለሌለው ሰው አላበድርም ስላለ መምህሩ ራሳቸው ዋስ ሆኑ። ከተማሪዎቻቸውም አንዳንዶቹ የሥራው የመጀመሪያ ሠራተኞች ሆኑ። የመጀመሪያው ሥርዓትም እንዲህ ነበር፤ ተበዳሪዎች አምስት አምስት ሆነው ይቧደኑ ነበር፤ አስቀድሞ ሁለቱ ይበደሩ ነበር፤ እነርሱ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየከፈሉ መታመናቸው ሲታይ ለቀሩት ተራው ይደርስ ነበር። የሚተዋወቁ ሰዎች መተማመን ምን ያህል እንደሚሠራ እኛም ከዕቁባችን የምናውቀው ነው። ይኸው ሥራ በ1983 ግራሚን ባንክ፣ ማለት የመንደር ባንክ ተብሎ ቆመ፤ ከተበዳሪዎቹም ከመቶ 90 የሚበልጡት ሴቶች ናቸው። በ2006 መምህሩና ባንኩ የኖቤልን የሰላም ሽልማት አብረው ተቀበሉ።

ነገር ግን ብድር መድኃኒት የሚሆነው በልኩ ሲሰጥ ነው። በህንድ አገር በአንድራ ፕራዴሽ ብዙ አበዳሪዎች ለአንድ ቤት እየደራረቡ ስላበደሩ፣ ዕዳው የከበደባቸው ሰዎች ራሳቸውን እስከ ማጥፋት ደረሱ፤ በ2010 የግዛቱ መንግሥት አበዳሪዎቹን የሚገታ ጽኑ ደንብ አወጣ። በዚያ ስንት ገንዘብ እንደ ተሰጠና እንደ ተመለሰ በመዝገብ የሚቈጥር አልታጣም፤ የታጣው ወደ ቤት ገብቶ፣ ይህ ቤት ስንት ሊሸከም ይችላል ብሎ የሚጠይቅ ነው።

ስለዚህ፣ ወላጆች ሆይ፣ በዩኒቨርሲቲ ያለ ልጃችሁ ወይም ያለች ልጃችሁ የብድርን ሥራ በመንደርና በገበያ ወጥቼ ልማር ያለ እንደ ሆነ፣ ለክብራችን አይገባም ብላችሁ አትከልክሉ። ነገ በሹመት ወንበር ተቀምጦ ስለ ድኻ ገንዘብ የሚፈርድ እርሱ ነውና፣ ግማሽ ታካ ለአንድ ቤት ምን ማለት እንደ ሆነ ዛሬ በዓይኑ አይቶ ይወቅ።