የአዲስ ዓሣ ገንዳ ውኃ ስለ ምን ይደፈርሳል?

በመስተዋት ገንዳ የሚዋኝ ዓሣ ለልጆች ደስታ ነው። ነገር ግን ገንዳው በተሞላ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ውኃው አጓት የተቀላቀለበት መስሎ ሲነጣ ቤተ ሰቡ ሁሉ ይደነግጣል። እኛም ደንግጠን ውኃውን ጨርሰን ደፋነው፤ ጠጠሩንና የማጣሪያውን ስፖንጅ ከቧንቧ ሥር አጥበን እንደ ገና ሞላን። በማግሥቱ ጠርቶ ዋለ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ግን ከፊተኛው ይልቅ ደፈረሰ። ይህንኑ ደግመን ብናደርግ ከሦስቱ ወርቅማ ዓሦች ሁለቱ ሞተው ተገኙ። ሻጩን ወቅሰን ነበር፤ ጥፋቱ ግን የእኛ ነበረ።

ድፍርስ ሁሉ አንድ አይደለም። ገንዳው እንደ ተሞላ ወዲያው የሚታየው በደንብ ያልታጠበ ጠጠር ትቢያ ነው፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይረጋል። ውኃው አረንጓዴ የሆነ እንደ ሆነ ብዙ ብርሃን ያገኘ ደቂቅ አልጌ ነውና ገንዳውን ከመስኮት ማራቅ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ የሚመጣው ነጭ ድፍርስ ግን የባክቴርያ ብዛት ነው። የሚበዙትም ከተረፈ ምግብና ከዓሣው እዳሪ የተነሣ ነው። ልጆች ዓሣው የራበው እየመሰላቸው በቀን አራት ጊዜ ሲበትኑለት ድፍርሱን ይመግባሉ፤ ባክቴርያውም በውኃው ያለውን ኦክስጅን ይሻማል።

ከዚህም የሚከፋው ዓይን የማያየው አሞንያ ነው፤ ዓሣው ራሱ ያወጣዋል፥ የበሰበሰ ምግብም ይጨምረዋል። አሞንያውን ወደ ናይትራይት፥ ይህንም ጉዳቱ ወዳነሰ ናይትሬት የሚለውጡ ሌሎች ባክቴርያዎች አሉ። ይህን ሥራቸውን እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ የገለጠው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለ የሩስያ ሊቅ ነው፤ የመረመረው አፈርን ነበር፥ በገንዳም የሚሆነው ይኸው ነው። እነርሱ በጠጠሩና በስፖንጁ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ፥ ለመርባትም ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሚሹ ናቸው። እኛ በክሎሪን ውኃ አጥበን የጣልናቸው እነዚህን ነው!

እንግዲህ ነጩን ድፍርስ ታግሦ መተው ይሻላል፤ በጊዜው ራሱ ይጠራል። ምግቡ በቀን አንድ ጊዜ፥ ዓሣው በ2 ደቂቃ የሚጨርሰው ያህል ይሁን። ዓሣው ከውኃው ገጽ ላይ አፉን እየከፈተ የሚተነፍስ ከሆነ ግን ሳይዘገዩ ሩቡን ውኃ መለወጥ ይገባል፤ የሚጨመረውም ክሎሪኑ እንዲወጣ በክፍት ዕቃ ያደረ ይሁን። ስፖንጁ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ብቻ ይለቅለቅ።

የተረፈችው ዓሣ ዛሬም አለች። የምግቧ ቆርቆሮ ግን ልጆች ከማይደርሱበት ከቁም ሣጥኑ ራስ ላይ ተቀምጧል።