የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተርና የቁልፉ ባለአደራ

በደሴ ከተማ መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ የሚረቀቅበት፣ ደመወዝ የሚሰላበትና የባለጉዳዩ መዝገብ የሚጠበቅበት ኮምፒውተር ብቻውን የቆመ ዕቃ ሳይሆን በኔትወርክ ከባልንጀሮቹ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ በአንዱ ላይ ያለ ፈቃድ የተጫነ ፕሮግራም የሚያመጣው መዘዝ ለሁሉም ይተርፋል። በኅዳር 2001 ዓ.ም. የተከሠተው ኮንፊከር የተባለው ቫይረስ በፍላሽ ዲስክ እየተዛመተ፣ በኔትወርክ እየተሻገረና ደካማ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃሎችን እየገመተ በመላው ዓለም በሚሊዮን የሚቈጠሩ ኮምፒውተሮችን መያዙ ለዚህ በቂ ምስክር ነው።

የጥበቃው መሠረት ሥልጣንን መክፈል ነው። ጄሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስገነዘቡት፣ ማንም ተጠቃሚ ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን ሊሰጠው አይገባም፤ በደብር ካህናቱ ሁሉ ቢያገለግሉም የንዋየ ቅድሳቱ ቁልፍ በዐቃቤ ንዋዩ እጅ እንደሚኖር፣ ሠራተኛውም በተራ ተጠቃሚነት ገብቶ ሥራውን ሲያከናውን ፕሮግራም የመጫን ሥልጣን በኔትወርክ አስተዳዳሪው ዘንድ ይቀመጣል። ኮምፒውተሮቹ በአንድ ሰርቨር ሥር ዶሜይን በተባለ ማዕቀፍ ከተጠቃለሉም፣ አስተዳዳሪው በደሴ ተቀምጦ የሚያወጣው ግሩፕ ፖሊሲ የተባለው ትእዛዝ፣ እርሱ በመካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ሳይወርድ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በኮምቦልቻ ቅርንጫፍ በሚገኙት ላይ ይጸናል።

ነገር ግን ሳይጫኑ ከፍላሽ ወይም ከተጠቃሚው ፎልደር በቀጥታ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ስላሉ፣ የመጫን ሥልጣንን መንሣት ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2009 ከዊንዶውስ 7 ጋር የመጣውን አፕሎከርን የመሰለ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ይኸውም የተፈቀዱትን በአዘጋጃቸው ዲጂታል ፊርማ፣ ሠራተኛው ሊጽፍበት በማይችል ፎልደር ወይም ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ በሚገኝ መለያ እያወቀ ያሳልፋል፤ ያልተፈቀደውን ይከለክላል፤ የከለከለውንም ይመዘግባል።

ሆኖም ሥርዓቱ ሁሉ የሚፈተነው በሠራተኛው እውነተኛ ፍላጎት ነው። አማርኛ ለመጻፍ ፓወር ግዕዝ የሚያስፈልጋት ጸሐፊ በኮምፒውተሯ ላይ ስታጣውና ጠይቃ ለሳምንታት መልስ ስትነፈግ፣ ከጎረቤት ቢሮ በፍላሽ ብታስመጣው ከትጋቷ እንጂ ከተንኮል አይደለም። ጉዳት የሚያደርስ ፕሮግራምን አስቦ የሚያሠራጭ ሰው በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይቀጣል፤ እንደዚህች ያለችውን ቅን ሠራተኛ ግን ከስሕተት የሚጠብቃት፣ የሚያስፈልጋትን ፕሮግራም በሕጋዊ ፈቃድ ገዝቶ አስቀድሞ የሚጭንና ጥያቄ የሚቀርብበትን መንገድ ግልጽ የሚያደርግ መሥሪያ ቤት ነው።

እንግዲህ በደሴና በኮምቦልቻ ያላችሁ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ለራሳችሁም ቢሆን አትጠይቁ፤ የሠራተኞቻችሁን ጥያቄ ደግሞ ሳይውል ሳያድር መልሱ። ክልከላ የሚከበረው ፈቃድ በጊዜው በሚገኝበት ቤት ነው።