የጓሮ አትክልት፦ ስፋቱን ውኃው ይወስን

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖሩ ምእመናንን በነሐሴ ወር የጎበኘ ሰው ጓሮው ሁሉ ለምልሞ ያያል። በየካቲት ቢመለስ ግን በብዙው ቤት የሚያገኘው የደረቀ የጎመን ግንድና የተሰነጣጠቀ መደብ ነው። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። በብዙ ፕሮጀክቶች ዘር የሚታደለው በሰኔ፣ ሪፖርት የሚጻፈው በመስከረም ነው፤ ስለዚህ በወረቀት ላይ ሁሉም ጓሮ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ቤተ ሰብ የሚበላው ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። አትክልት በገበያ የሚወደደውም በበጋ፣ በተለይም ጎረቤቶቻችን የ55 ቀኑን ዐቢይ ጾም በሚጾሙበት ጊዜ ነው።

እንግዲህ የጓሮ አትክልት ለመጀመር የሚፈልግ ሰው መሬቱን ከመለካቱ በፊት ውኃውን ይለካ። በበጋ አንድ ካሬ ሜትር የአትክልት መደብ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውኃ ይፈልጋል። በቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማትረፍ የሚችል ቤት፣ ጓሮው ሃምሳ ካሬ ሜትር ቢሆን እንኳ፣ ሊያለማ የሚችለው 4 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ይኸውም ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ አንድ መደብ ማለት ነው። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው በእነዚህ ከተሞች ይህ ስሌት ቀልድ አይደለም። ከዚህ የሰፋ ከተተከለ ውኃው ለሁሉም ጥቂት ጥቂት ይዳረስና ሁሉም ይጠወልጋል።

አራት ካሬ ሜትር ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ጎመን በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቢተከል 25 እግር ይይዛል። ከእያንዳንዱ እግር ከታች በኩል ሁለት ሁለት ቅጠል ቢቀጠፍ 50 ቅጠል ነው፤ ይህም ለአንድ ቤተ ሰብ አንድ ድስት ይሞላል። ጫፉ እስካልተነካ ድረስ ተክሉ እንደገና ያቆጠቁጣል። እኛ የምንመክረው ግማሹን መደብ ጎመን፣ የቀረውን ቆስጣ፣ ካሮትና ጥቂት ነጭ ሽንኩርት ማድረግ ነው። አትክልት የታጠበበትና ልብስ የተለቀለቀበት ውኃ አይደፋ፤ በረኪና ያልገባበት ከሆነ ለፍራፍሬ ዛፍ ሥር ይሆናል። መደቡን በገለባ ወይም በደረቅ ሣር መሸፈን፣ ማጠጣቱንም ወደ ማታ ማድረግ ውኃውን ከፀሐይ ያድናል።

ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም መሬታቸውና አየራቸው አንድ አይደለም። ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ ከ2,500 ሜትር በላይ የሚገኝ ሜዳ ነው። ጥቁሩ አፈር በክረምት ውኃ ይቋጥራል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ውርጭ አለ። ስለዚህ በሱሉልታ መደቡ ከመሬት ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት፣ በዙሪያውም ቦይ ሊቆፈርለት ይገባል። ጎመን፣ ድንች፣ ካሮትና ቀይ ሥር ይስማሙታል፤ ቲማቲም ግን ልፋት ነው። የቡራዩ ችግር ተዳፋቱ ነው፤ መደቡ ከላይ ወደ ታች ከተሠራ የክረምት ጎርፍ አፈሩንም ፍጉንም ይዞት ይሄዳል፤ ስለዚህ ዳገቱን አግድም ቆርጦ በድንጋይ መደገፍ ያስፈልጋል። ሰበታ ዝቅና ሞቅ ያለች ስለሆነች ከሁሉም ይልቅ ምርጫ አላት።

በኪራይ ቤት የሚኖሩትንም አንርሳ፤ ቁጥራቸው እየበዛ ነው። አከራዩ ግቢ እንዲቆፈር ላይፈቅድ ይችላል። ለእነርሱ ጆንያ ይበቃል። አፈርና ብስባሽ ሞልቶ፣ መካከሉ ላይ ከላይ እስከ ታች ጠጠር አድርጎ፣ ጎኑን በየቦታው በስቶ ጎመንና ቆስጣ መትከል ነው። ውኃው በጠጠሩ በኩል እስከ ታች ይደርሳል። ቤት ሲለቀቅም ጆንያው ሊጫን ይችላል፤ ከባድ መሆኑን ግን አስቀድመን እንናገራለን።

ስለ ፍራፍሬ ሲነሳ ሰው ሁሉ አቮካዶና ማንጎ ይጠይቃል። ማንጎ በዚህ ብርድ አይሆንም። አቮካዶ በሰበታ ከነፋስ በተከለለ ቦታ ሊሞከር ይችላል። ለሦስቱም ከተሞች የሚስማማው ኮክ ነው፤ ለደጋው ደግሞ ፖም አለ። በጋሞ ደጋ በጨንቻ ሚሲዮናውያን ያስገቡት ፖም ዛሬ ለብዙ ገበሬዎች የገቢ ምንጭ ሆኗል። ፖም ሲተከል አንድ ነገር ማወቅ ይገባል፦ ብቻውን የቆመ የፖም ዛፍ ብዙ ጊዜ አበባ እንጂ ፍሬ አይሰጥም። «አና» የሚባለው ዝርያ በአቅራቢያው «ዶርሴት ጎልደን» የሚባለውን ይፈልጋል፤ የአንዱን የአበባ ዱቄት ንብ ወደ ሌላው ታደርሳለች። ሁለት ዛፍ የሚሆን ቦታ የሌለው ከጎረቤቱ ጋር ይስማማና አንድ አንድ ይትከሉ። ከባሕር ዛፍ አጠገብ ግን ምንም አይተከል፤ ውኃውን ሁሉ ይስበዋልና።

ዘርን በተመለከተ፣ በኦሮምኛ ራፉ የምንለው የሐበሻ ጎመን የአገራችን ተክል ነው፤ ዘሩን ከዓመት ዓመት ራሳችን ልናቆይ እንችላለን። ሦስት አራት ጠንካራ እግሮችን ሳይቀጥፉ መተው፣ አብቦ ፍሬው ሲደርቅ መሰብሰብ፣ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ነው። በቆርቆሮ የሚሸጠው የተዳቀለ ዘር ግን በሁለተኛው ዓመት እንደ እናቱ አይወጣም። ስለዚህ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ጓሮውም አብሮ እንዳይዘጋ ከፈለግን የምናድለውን ዘር እንምረጥ።

ማዳበሪያ መግዛት አያስፈልግም። በሱሉልታ ላም በየቤቱ ነው፤ እበቱ ግን አብዛኛው ኩበት ሆኖ ይነዳል። ማገዶ በተወደደበት ጊዜ ይህን አትንኩ ማለት ባንችልም በሳምንት አንድ ባልዲ ለጓሮው ቢተርፍ ብዙ ነው። እበቱን፣ የአትክልት ልጣጩን፣ ደረቅ ሣሩንና ጥቂት አመዱን በንብርብር ከምሮ እርጥበቱን መጠበቅ፣ በየሦስት ሳምንቱ መገልበጥ ነው። በሦስት ወር፣ በብርዱ አገር በአራት ወር ብስባሽ ይሆናል። ትኩስ እበት በቀጥታ ተክል ሥር ቢደረግ ግን ሥሩን ያቃጥላል።

ውኃ ቢቸግርም ፋብሪካ ፍሳሽ ከሚለቅበት ወንዝ ተቀድቶ አትክልት አይጠጣ። በአቃቂ ወንዝ በለማ አትክልት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እርሳስና ካድሚየም የተባሉ መርዛም ማዕድናት አግኝተዋል። ቅጠሉ በሥሩ በኩል ስለሚስባቸው እጥበትም ማፍላትም አያስወግዳቸውም። ከእንዲህ ያለው ጎመን ሳይተከል የቀረው ይሻላል።

ከጓሮው እስከ ድስቱ ያለው መንገድም ሊታሰብበት ይገባል። በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 38 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት እንዳላገኙ አሳይቷል። ጎመን ብቻውን ይህን አይፈውስም። ሕፃኑ እንቁላል፣ ወተትና ጥራጥሬም ያስፈልገዋል፤ በሱሉልታ ወተቱ ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ተጭኖ የቤቱ ልጅ ባዶ ሻይ ሲጠጣ ማየት ያሳዝናል። ቢሆንም ከጓሮ የተገኘው በአግባቡ ይበላ። ጎመንን ቀቅሎ ውኃውን መድፋት ቪታሚኑን አብሮ መድፋት ነው፤ በጥቂት ውኃ፣ ለአጭር ጊዜ ይብሰል። ካሮትና ጎመን ጥቂት ዘይት ካላገኙ በውስጣቸው ያለው የቪታሚን ኤ ምንጭ ወደ ሰውነት በሚገባ አይገባም። ሎሚ ጠብ ማድረግ የብረት ማዕድኑን ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ቡናና ሻይ ግን ይከለክለዋል። ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን የበሰለ ካሮትና ጎመን ተፈጭቶ በገንፎው ውስጥ ሊገባለት ይችላል።

አጥሩ ከዘሩ በፊት ይሠራ። የጎረቤት ዶሮ የሁለት ወር ሥራ በአንድ ጠዋት ትጨርሳለች፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጠብ ነው።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች፦ የሰኔው እደላ እንዳለ ሆኖ የጎመን ዘር በኅዳርም ይድረስ። በኅዳር የፈላ ችግኝ በታኅሣሥ ወደ መደቡ ይዛወራል፤ በየካቲት ቅጠሉ ለመቀጠፍ ይደርሳል። በሱሉልታ ችግኙ ሌሊት ሌሊት በሣር ወይም በጆንያ ይሸፈን፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ይገለጥ።