በግ ሊያጠኑ ወጥተው ገዳም የደረሱ ሰዎች

በኔፓል አገር በሰሜን ምዕራብ በኩል፣ ከቲቤት ወሰን አጠገብ፣ ዶልፖ የሚባል ውርጫማ ደጋ አለ። በ1973 ዓ.ም. መጸው ላይ ሁለት ሰዎች ሼርፓዎችንና ተሸካሚዎችን አስከትለው ወደዚያ በእግር ሄዱ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው)። አንደኛው በበርሊን ተወልደው በአሜሪካ የሚኖሩት የዱር አራዊት መርማሪ ዶክተር ጆርጅ ሻለር ሲሆኑ፣ ሁለተኛው አሜሪካዊው ደራሲ ሚስተር ፒተር ማቲሰን ነበሩ። ሚስተር ማቲሰን ከተመለሱ በኋላ «የበረዶ ነብር» የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። መጽሐፉ በ1978 ታትሞ በማግሥቱ ዓመት በአገራቸው ከፍ ያለ የመጻሕፍት ሽልማት አገኘ።

እኔ በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የምወደው መጽሐፉን በሙሉ ሳይሆን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። የዱር በግ ለማጥናት የተጀመረ ጉዞ እንዴት ሆኖ የቡድሃ ሃይማኖት ተከታዮች እንደሚያደርጉት ያለ መንፈሳዊ ጉዞ ሊሆን ቻለ? ታሪኩን ያወራኋቸው ጓደኞቼ «ሰውዬው ሚስቱ ሞታበት ኀዘን ላይ ስለ ነበረ ነው» ይላሉ። ነገሩ እውነትነት አለው፤ ዳሩ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ የሚገኘው በተራራው ላይ ይመስለኛል።

በመጀመሪያ ስለ እንስሳው ልናገር። ፈረንጆች «ሰማያዊ በግ» የሚሉት፣ በሕንድ ቋንቋ ግን ባራል የሚባለው ይህ እንስሳ ሰማያዊም አይደለም፣ በግ መሆኑም አጠራጣሪ ነው። ጠጕሩ ዐመድማ ሆኖ ከዓለቱ ጋራ ይመሳሰላል። ጺም የለውም፤ ወንዱም እንደ ፍየል አውራ አይከረፋም፤ በዚህ በዚህ በግ ይመስላል። ጅራቱን ከሥር ያየና በፊት እግሮቹ ላይ ያለውን ጥቁር ምልክት የተመለከተ ግን ፍየል ነው ይላል። ዶክተር ሻለር ይህን ጥያቄ ለመፍታት የፈለጉት አጥንት በመለካት ሳይሆን ጠባይን በመመልከት ነበር። በጎች ሲዋጉ በአራት እግራቸው ተንደርድረው ግንባር ለግንባር ይጋጫሉ፤ ፍየሎች ግን በኋላ እግራቸው ቀጥ ብለው ቆመው ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። እረኛ ሆኖ ያደገ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ባራልስ እንዴት ይዋጋል? ይህን ለማየት ወንዶቹ በሴት የሚጣሉበትን ወራት መጠበቅ ያስፈልጋል። ያም ወራት በሂማላያ የሚውለው በኅዳር አካባቢ፣ በረዶ መተላለፊያዎቹን መዝጋት ሲጀምር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። እንስሳ ሲዋጋ ቁጭ ብሎ ለማየት እንስሳው ሰው ሲያይ የማይሸሽ መሆን አለበት። በብዙው የሂማላያ ክፍል ደግሞ ባራል ይታደናልና ሰው ባየ ጊዜ ገደሉን ይዞ ይጠፋል። አንድ ቦታ ግን ነበረ፤ የሼይ ገዳም። የገዳሙ አለቃ፣ በቲቤት ቋንቋ ላማ የሚባለው፣ በአካባቢው አራዊት እንዳይነኩ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ ባራል በዚያ በዝቶ ይኖራል። ባራል በበዛበትም የሚበላው የበረዶ ነብር አይታጣም። እንግዲህ አስተውሉ፤ የሳይንሱ ሰው ወደ ገዳሙ የሄዱት መንፈሳዊ ስለ ሆኑ አይደለም፤ የሚፈልጉት እንስሳ የሚገኘው ገዳሙ ስላለ ነው። ከሁለቱ ተጓዦች አንዱ እንስሳ፣ ሌላው ጸጥታ ቢፈልጉም መንገዱ አንድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ቡድሃ ትምህርት ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ልጨምር። ሲዳርታ ጎታማ የተወለደው በዛሬዋ ኔፓል ውስጥ በሉምቢኒ ነው። እርሱ እንዳስተማረው የሰው ኑሮ ሥቃይ ያለበት ነው፤ የሥቃዩም ምንጭ ምኞት፣ ይኸውም የማይጸናውን ነገር የሙጥኝ ብሎ መያዝ ነው። ምኞትን የተወ ከሥቃይ ይድናል። ነፍስ ያለውን ሁሉ አለመጉዳት ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ትእዛዛት አንዱ ነው። ምእመናኑ የተቀደሰ ተራራን በቀኝ እጃቸው በኩል አድርገው ይዞራሉ፤ ጸሎት የተጻፈበት ጨርቅ ለነፋስ ይሰቅላሉ፤ በድንጋይ ላይም «ኦም ማኒ ፔሜ ሁም» የሚለውን ቃል ቀርጸው በመንገድ ዳር ይደረድራሉ። ከሼይ ገዳም በላይ ያለው ክሪስታል ተራራ እንዲህ የሚዞር ተራራ ነው። በየአሥራ ሁለት ዓመቱ፣ እነርሱ የዘንዶ ዓመት በሚሉት፣ ታላቅ በዓል ይደረግበታል፤ በ2024 ተደርጓል።

ወደ ጉዞው ልመለስ። ከፖካራ ከተማ የተነሡት በመስከረም መጨረሻ ነው። ዝናብ አዘገያቸው፤ ተሸካሚዎች እየተዉ ስለ ተመለሱ በየመንደሩ ሌሎች መፈለግ ነበረባቸው። ከራስ ደጀን ጫፍ የሚበልጥ፣ ከአምስት ሺህ ሜትር በላይ የሆነ መተላለፊያ በበረዶ ውስጥ ተሻግረው በኖቬምበር 1 ቀን ሼይ ደረሱ። ገዳሙ ተቆልፎ ነበር፤ ሰዎቹም ክረምቱን ለማሳለፍ ወደ ሌላ መንደር ወርደዋል።

ሚስተር ማቲሰን በዚህ መንገድ ላይ የተሸከሙት ሌላ ሸክም ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዴቦራ በ1972 መጀመሪያ በነቀርሳ በሽታ ሞተዋል። ባልና ሚስቱ ዜን የተባለውን የጃፓን ቡድሂዝም ክፍል አብረው የሚማሩ ነበሩ። የዜን መምህራቸውም ከመነሣታቸው በፊት ከጉዞው ምንም እንዳይጠብቁ መክረዋቸው ነበር። ምክሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሁለት ወር በእግር የሚሄድ፣ ያውም በዓለም ላይ በጣም ጥቂት ሰዎች ያዩትን አውሬ አያለሁ ብሎ የሚሄድ ሰው እንዴት አድርጎ ምንም ሳይጠብቅ ይሄዳል?

አውሬውም ቢሆን የሚያጓጓ ነው። የበረዶ ነብር ጠጕሩ ዐመድማ ሆኖ ጥቁር ቀለበት የመሰለ ነጠብጣብ አለበት፤ ጅራቱ አንድ ሜትር ያህል ስለሚሆን በገደል ሲዘል ሚዛን ይጠብቅበታል፤ ሲተኛ ደግሞ እንደ ጋቢ ይከናነበዋል። እንደ አንበሳ አያገሣም። ዶክተር ሻለር በ1970 በፓኪስታን አገር በቺትራል የበረዶ ነብርን በዱር ሳለ ፎቶግራፍ አንሥተዋል፤ ይህም የመጀመሪያው ነው ይባላል። ሚስተር ማቲሰን ግን በሼይ በቈዩባቸው አሥራ ስምንት ቀናት ኮቴውን በበረዶ ላይ አዩ፣ መሬት የጫረበትን አዩ፣ ዓይነ ምድሩን እየለቀሙ ሰበሰቡ፤ ራሱን ነብሩን ግን ሳያዩ ቀሩ።

የመጽሐፉ ደስ የሚለኝ ክፍል እዚህ ላይ ነው። ሌላ ደራሲ ቢሆን በመጨረሻው ገጽ ላይ ነብሩን ከአንድ ዓለት ጀርባ ብቅ ያደርገው ነበር፤ አንባቢም ይረካ ነበር። ሚስተር ማቲሰን ግን አላየሁም አሉ፣ ባለማየታቸውም ተደሰቱ። የቡድሃ ትምህርት ምኞትን ስለ መተው ሲናገር በመጽሐፍ ብቻ ካነበብነው ባዶ ቃል ይሆንብናል። እዚህ ግን ቃሉ አካል አገኘ፤ ነብሩ ከዚያ ገደል ውስጥ አለ፣ ምናልባትም ከላይ ሆኖ ያያቸዋል፤ እርሳቸውም መኖሩ ይበቃኛል አሉ።

ስለ ላማውም ሳልናገር አላልፍም። ከገዳሙ ራቅ ብሎ በገደል ላይ በተሠራ ዋሻ መሰል መኖሪያ ሲደርሱ አንድ እግረ ሽባ መነኩሴ ቁጭ ብሎ የፍየል ቁርበት በያክ ቅቤና በአንጎል ሲያለፋ አገኙት። የሚፈልጉት የሼይ ላማ እርሱ ራሱ መሆኑን ያወቁት በኋላ ነው። በቁርጥማት በሽታ እግሮቹ ስለ ተቆለመሙ ከዚያ ገደል ምናልባት ዳግመኛ ላይወርድ ይችላል። በአስተርጓሚ አማካይነት በዚህ ብቻህን መኖር አይከብድህምን ቢሉት፣ ወደ እግሮቹ እያመለከተ ከልቡ ሳቀ፤ እጅግ ደስተኛ መሆኑን፣ ይልቁንም ሌላ ምርጫ ስለሌለው ደስታው እንደሚበልጥ ነገራቸው። እኔ ይህን ሳነብ መጀመሪያ የዘበተባቸው መሰለኝ። ደግሜ ሳነበው ግን በእግሩ መሄድ የማይችል ሰው፣ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ለሚጓዙት ሰው፣ የሚፈልጉትን ነገር ተቀምጦ እንዳሳያቸው ገባኝ።

ሆኖም ሚስተር ማቲሰንን በሁሉ ነገር አላመሰግናቸውም። እናቱ የሞተችበት የስምንት ዓመት ልጅ ቤት ትተው ሄደዋል። በኖቬምበር መጨረሻ ለሚከበረው የአሜሪካ የምስጋና በዓል እመለሳለሁ ብለውት ሳለ አልደረሱም። ከሼይ የወጡት ገና በ18 ነው፤ በዓሉ ደግሞ በ22 ዋለ። በሼይ ሳሉ ደብዳቤ ቢደርሳቸው እንኳ ጸጥታቸው እንዳይደፈርስ ሳይከፍቱ አስቀመጡት። ከምኞት ነጻ መውጣት መልካም ነው፤ ግን አባቱን በመስኮት የሚጠብቅ ልጅ ምኞት ነውን? ሚስተር ማቲሰን ይህን ጥያቄ ራሳቸው አንሥተው ይጨነቁበታል እንጂ አይሸሽጉትም፤ መልስ ግን አላገኙለትም። የክፍል ጓደኞቼ ስለዚህ ጉዳይ ስንከራከር ሁለት ወገን ሆንን፤ እናትና አባቶቻችንም ይህን ሲያነቡ የሚፈርዱትን ለመስማት እወዳለሁ።

መንፈሳዊ ጉዞ ሲባል ሰው ከፍታ ላይ ወጥቶ ተለውጦ የሚመለስ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ሚስተር ማቲሰን ከሼይ ሲወርዱ የሆነው ግን ሌላ ነው። በተራራው ላይ ያገኙት ሰላም ቀን በቀን እየተነነ ሄደ፤ በትንሹም በትልቁም ይቈጡ ጀመር። ይህን በመጻፋቸው የቀረውንም አመንኋቸው።

ስለ ሳይንሱ የቀረውን በአጭሩ ልፈጽም። ዶክተር ሻለር በሼይ ወንዶቹ ባራሎች በኋላ እግራቸው ቆመው ሲዋጉ አይተው፣ እንስሳው በግ የሚመስል ጠባይ ያለው ፍየል ነው ብለው ፈረዱ። ከብዙ ዓመት በኋላ የዘር ምርመራ ሲደረግ ባራል ለፍየሎች ወገን እንደሚቀርብ ተረጋገጠ። እንግዲህ ከሰሜን ተራራችን ዋልያ ጋራ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው።

ገዳምና አራዊት የተያያዙ መሆናቸውም በሼይ ብቻ የታየ ነገር አልሆነም። ዶክተር ሻለር የተካፈሉበትና በ2014 የታተመ አንድ ጥናት በቻይና አገር በቲቤት ደጋ፣ ሳንጂያንግዩዋን በተባለው አውራጃ ያሉትን 336 ገዳማት ተመልክቷል። ከእነዚህ 46 ከመቶው በበረዶ ነብር መኖሪያ ውስጥ፣ 90 ከመቶውም ከመኖሪያው በአምስት ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ናቸው። መነኮሳቱ ተራራውን እየዞሩ አዳኞችን ይከለክላሉ። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በጎጃምና በጎንደር ደጋማ አገር ሜዳው ተመንጥሮ ሲያልቅ ጽዱና ወይራው ቆሞ የሚታየው በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጽር ግቢ ነው። ሃይማኖቱ ሌላ ነው፣ ትምህርቱም ሌላ ነው፤ ዛፉ የተረፈበት ምክንያት ግን ይመሳሰላል። እርግጥ ነው፣ ክልከላው ብቻ ሁሉን አያድንም። በአንድ ሌሊት ፍየሎቹ ያለቁበት እረኛ የላማውን ቃል ሰምቶ ነብሩን ሊምር ይቸግረዋል፤ ስለዚህ ዛሬም በቂም የሚገደሉ ነብሮች አሉ።

ሼይ በ1984 ከፎክሱንዶ ሐይቅ ጋራ የመንግሥት ፓርክ ሆኖ ተከልሏል። ስፋቱ 3,555 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ በኔፓል ከዚህ የሚበልጥ ፓርክ የለም። በ2025 የኔፓል መንግሥት በአገሩ ያሉት የበረዶ ነብሮች 397 ያህል እንደሚሆኑ አስታወቀ። ቍጥሩ የተገኘው በየገደሉ ከተተከሉ ካሜራዎችና፣ ሚስተር ማቲሰን በሼይ ሲለቅሙት እንደ ነበረው ያለ ዓይነ ምድር ተሰብስቦ ከተመረመረው ነው።

ሚስተር ማቲሰን በ2014 ዐረፉ። የመጽሐፋቸው መጨረሻ ነብርም ተራራም የለበትም። በመንገድ ሳሉ ባልንጀሮቹ የማያምኑት፣ እርሳቸው ግን ቀስ በቀስ እንደ መምህር ያዩት ቱክተን የተባለ ሼርፓ ነበረ። ካትማንዱ ከተመለሱ በኋላ ቦድናት በሚባለው በትልቁ የቡድሃ መቅደስ ዘንድ ሊገናኙ ተቀጣጠሩ። ሚስተር ማቲሰን በቀኑ በብስክሌት ሄደው ጠበቁት። ቱክተን አልመጣም። በዚያ የሚያውቀው ሰው እንዳለ ጠየቁ፤ አልተገኘም። መቅደሱ ላይ ከተሣሉት ትልልቅ ዓይኖች በታች ብስክሌታቸውን አንሥተው ወደ ከተማው ተመለሱ።